በአይጥ የተሞከረ መድኃኒት እና አይጧን የያዘው እጅ

«በላቦራቶሪ በአይጥ ተሞክሮ የተረጋገጠ» የሚል የዕፅዋት መድኃኒት ማስታወቂያ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ ለስኳር ነው። ሌላው ለጨጓራ፣ ሌላው ለወባ። ከዚሁ ጎን «አሜሪካ በእንስሳት መሞከርን አስቀርታለች» የሚል ወሬም ይሰማል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ስለ ባህል መድኃኒት ጨዋታ ሲነሳ ሁለቱ እየተምታቱ ይመጣሉ። አንዱ ወገን የእንስሳት ሙከራን እንደ ማኅተም ያየዋል። ሌላው ጊዜው ያለፈበት ጭካኔ ያደርገዋል።

ሁለቱም ወገኖች የማይጠይቁት ነገር አለ። አይጧን የያዛት ሰው ማን ነው? አያያዙን ማን አስተማረው? የውጤቱ እውነተኛነት በአብዛኛው እዚህ ላይ ይወሰናል። እንስሳዋ በከንቱ መሠቃየት አለመሠቃየቷም እንዲሁ። የተመራማሪዎች ሥልጠና ከምርምሩ ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ነገር ተደርጎ ሲታይ ይገርመኛል። ሥልጠናው የምርምሩ አንድ አካል ነው።

አሜሪካ ምን ወሰነች?

መጀመሪያ ወሬውን እናጥራ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አሜሪካ አንድ ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት መሞከሩ ግዴታ ነበር። ሕጉ ግዴታውን አነሳና ሌሎች ዘዴዎችንም ፈቀደ። ከእነዚህ መካከል በላቦራቶሪ የሚያድጉ የሰው ሕዋሳት እና የኮምፒውተር ስሌት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ የመቀነስ ዕቅድ ይፋ አደረገ። የሚጀምረውም በሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። ይህ በሰውነት ውስጥ አንድን ዒላማ ለይቶ እንዲይዝ ተደርጎ የሚመረት የፕሮቲን መድኃኒት ነው።

በሁለቱም ውስጥ «ተከልክሏል» የሚል ቃል የለም። ግዴታ መነሳቱና መከልከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛ አገር ጥያቄም ለየት ይላል። ከአንድ ቅጠል ተጨምቆ የወጣ ነገር በውስጡ በርካታ ውህዶች አሉት። የትኛው ምን እንደሚሠራ ገና አይታወቅም። እንዲህ ያለውን በኮምፒውተር ብቻ መገመት ከባድ ነው። የሰው ሕዋስ ማሳደግ ደግሞ ውድ ዕቃ፣ ከውጭ የሚገባ ኬሚካልና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ነጯ አይጥ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ላቦራቶሪዎች ገና ብዙ ዓመት ትቆያለች።

በዚህ አካባቢ ምን ይጠናል?

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ነው። የእንስሳት ሕክምናው ትምህርት በዋናው ግቢ፣ ሐረማያ ላይ ይሰጣል። ድሬዳዋም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። አካባቢው ራሱ የሚያነሳቸው የምርምር ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ወባ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለታየው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ ትራባለች። የውሃ ታንከርና በርሜል ይበቃታል። ሌላው ጫት ነው። አወዳይ ቅርብ ናት፤ ጫት በልብ፣ በጉበትና በእንቅልፍ ላይ የሚያደርሰው ነገር፣ እንዲሁም በቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ የዘወትር ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ደግሞ አባቶችና እናቶች ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ቅጠሎችና ሥሮች አሉ።

ለእንዲህ ያለው ጥናት በብዛት የምታገለግለው ስዊስ አልቢኖ የምትባለው ነጭ አይጥ ናት። ስታድግ ከ20 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች። ዊስታር የሚባለው ትልቁ አይጥ ከእሷ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጥንቸልና ጊኒ ፒግም አሉ። ለወባ መድኃኒት ፍተሻ አይጧ ፕላስሞዲየም በርጌይ በተባለ ጥገኛ ተዋሲ ትያዛለች። ይህ ተዋሲ የአይጥ ወገን የሆኑ እንስሳትን እንጂ ሰውን አያጠቃም። በዚህ የወባ ዓይነት መድኃኒት ያልተሰጣት አይጥ በሳምንት ገደማ ውስጥ ትሞታለች።

የማያውቅ እጅ ውጤትን እንዴት ይለውጣል?

ጋቬጅ የሚባለውን ሥራ እንውሰድ። መድኃኒትን በአፍ በኩል በቀጥታ ወደ ሆድ ማስገባት ማለት ነው። መርፌው ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ አይወጋም። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ በአንድ ጊዜ የሚሰጣት ፈሳሽ እንደ ደንቡ ሩብ ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ግን የምግብ ቧንቧዋና የአየር ቧንቧዋ ጎን ለጎን ናቸው። አንገቷ ቀጥ ካላለ፣ ወይም ሰውየው ከቸኮለ፣ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ይገባል። አይጧ ወዲያው ትሞታለች። አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በሳንባ ምች ትሞታለች። ጉሮሮዋ ተቀዶ የምትሞትም አለች።

አሁን ሠንጠረዡን አስቡት። ተማሪው «በዚህ መጠን አንድ ሞተ» ብሎ ይጽፋል። ቅጠሉ መርዛማ ነው ይባላል። መርዙ ግን ቅጠሉ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያወጣቸው የመርዛማነት መፈተሻ መመሪያዎች የሚጠቀሙት በጣም ጥቂት እንስሳት ነው። በአንዱ መመሪያ በየደረጃው 3፣ በሌላው የከፍተኛ መጠን ፍተሻ እስከ 5 ብቻ። ቁጥሩ መቀነሱ ትልቅ እርምጃ ነው። የድሮው፣ ግማሾቹን እንስሳት የሚገድለውን መጠን ፍለጋ የሚደረገው ሙከራ፣ በርካታ አሥር እንስሳትን ይፈጅ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ግን የአንዷ በስህተት መሞት ክብደቱ ይጨምራል። ከአምስት አንዷ ማለት ከመቶ ሃያ ነው።

የሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። የሞተችውን ከፍቶ ሳንባዋን ያያል፤ ፈሳሽ ካለ ምክንያቱን ይመዘግባል። ውሃ ብቻ በተሰጣቸው ማነጻጸሪያ እንስሳት ላይ ሞት መኖሩንም ይፈትሻል። ውሃ የጠጣች አይጥ ከሞተች የሚጠረጠረው እጅ ነው። ይህን ሥልጠና ያላገኘ ሰው መጠየቅ እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

ሞት በማይኖርበት ጊዜም ችግሩ አለ። እንዲያውም ያን ጊዜ ይደበቃል። የደነገጠች አይጥ ሰውነቷ አድሬናሊንና የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫል። በደሟ ያለው ስኳርም ከፍ ይላል። እንግዲህ «ለስኳር ፍቱን» የተባለው ቅጠል የሚለካው በዚሁ በደም ስኳር ነው። አንዱን ቡድን እጁ የለመደ ሰው፣ ሌላውን ቡድን የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ከያዘው ልዩነቱ ከቅጠሉ ይሁን ከሰውየው መለየት አይቻልም። በተዛባ ሚዛን በርበሬ እንደ መመዘን ነው፤ ቁጥር ይወጣል፣ ግን የበርበሬው ክብደት አይደለም።

አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሳት በብዙ ቦታ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈተሹ። በጅራት የሚነሱት አይጦች ከሰው ይሸሹ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ጎልቶ ታየ። በሁለት እጅ መዳፍ ታቅፈው ወይም በቱቦ ውስጥ ገብተው የሚነሱት በአንጻሩ ረጋ አሉ። ቱቦው ውድ ዕቃ አይደለም። አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። በክፍሉ ውስጥ ወንድ ሰው ካለ፣ ወይም የለበሰው ቲሸርት ብቻ እንኳ ከተቀመጠ፣ አይጦች ለሕመም የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል። ምክንያቱ ሽታው የሚፈጥረው ጭንቀት ነው። በዚያ ቀን «ሕመም ያስታግሳል» ተብሎ የሚፈተሽ ቅጠል ቢኖር ማስታገሻው ቅጠሉ ነው ወይስ ቲሸርቱ? ወንድ ተመራማሪ ይባረር ማለቴ አይደለም። ማን ሙከራውን እንደሠራ ይመዝገብ፤ እንስሳቱም ቀድመው ይልመዱት።

የድሬ ሙቀት፣ የሐረር ውሃ

የውጭ አገር የሥልጠና መጽሐፍት የሚጻፉት ቴርሞስታት ላለው ክፍል ነው። ለቤተ ሙከራ አይጦች ክፍል በተለምዶ የሚመከረው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በሞቃቱ ወራት መብራት ሲጠፋ ኤሲም ይጠፋል። ክፍሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ሐረርና ሐረማያ ከፍ ያሉ ደጋማ ቦታዎች ናቸው። እዚያ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፤ እንስሳቱ ጎጆ የሚሠሩበት ወረቀት ወይም ጥጥ ይፈልጋሉ።

ሙቀት ለምን ያስጨንቃል? እንስሳው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ምን ችግር አለው? መልሱ ለጫት ጥናት በተለይ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማይክል ቻንስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ተጨናንቀው በአንድ ኬጅ ሲቀመጡ ብቻቸውን ከተቀመጡት ይበልጥ ይሞቱ ነበር። የክፍሉ ሙቀት ሲጨምርም የመድኃኒቱ መርዛማነት ይጨምራል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ስለዚህ በሞቃት ክፍል፣ አሥር አይጥ በአንድ ኬጅ ታጭቆ የተሠራ የጫት ሙከራ ስለ ጫት የሚነግረንን ያህል ስለ ኬጁም ይነግረናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ ጠዋትና ማታ ይመዘግባል፤ የእንስሳቱን ቁጥር በየኬጁ እኩል ያደርጋል። የካቲኖኑን ጠባይም ያውቃል። ጫቱ ሲደርቅና ሲያድር ካቲኖን ይቀንሳል። እናም ከአወዳይ ጠዋት የመጣ ቅጠልና ሦስት ቀን ያደረ ቅጠል አንድ አይደሉም።

መንገዱም አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አይጦች ወደ ሐረር ሲደርሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። የአዋሽን ቆላም አልፈዋል። ውሃ ጠምቷቸዋል፤ ክብደትም ቀንሰዋል። የኦኢሲዲ መመሪያዎች ከሙከራ በፊት ቢያንስ 5 ቀን የመላመጃ ጊዜ ይጠይቃሉ። ለእንዲህ ያለው መንገድ ከዚያም በላይ መስጠት ተገቢ ነው። የመመረቂያ ጊዜ የደረሰበት ተማሪ ግን በማግሥቱ መጀመር ይፈልጋል። አማካሪው ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት አለበት።

ሐረር ላይ የውሃ ነገር ለማንም አዲስ አይደለም። ኬጅ ካልታጠበና ሰጋቱራው በጊዜው ካልተቀየረ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ የእንስሳቱን ሳንባና ዓይን ይጎዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የማጠቢያ ውሃ ማጠራቀም የእንስሳቱ ክፍል ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት።

ሥልጠናው ምን ይዟል?

መሠረቱ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች፣ ራስልና በርች፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል ይባላል። መተካት ማለት እንስሳ ሳይነካ መልስ ማግኘት ከተቻለ በዚያ መጠቀም ነው። ለምርምር ትንኝ የሚያረቡ ሰዎች ትንኞቹን ደም ለማብላት ጥንቸል ይጠቀሙ ነበር፤ ብዙ ቦታ አሁንም ይጠቀማሉ። ደሙን አሙቆ በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያቀርብ መሣሪያ ግን አለ። ስለ ስቴፈንሳይ በብዛት በሚጠናበት አካባቢ ይህ ቅርብ ምሳሌ ነው። መቀነስ ማለት በስሌት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መጠቀም ነው። ከሚበቃው በታች መጠቀምም ጥፋት መሆኑ ግን ይረሳል። መልስ በማይሰጥ ሙከራ የሞተ እንስሳ በከንቱ ሞቷል። ማሻሻል ማለት ሕመሙንና ፍርሃቱን ማቅለል ነው።

ከሐሳቡ ወደ እጅ ሲመጣ ሠልጣኙ በሕያው እንስሳ አይጀምርም። በፕላስቲክ ወይም በጎማ አይጥ፣ ቀጥሎ በሌላ ምክንያት በሞተች አይጥ ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ሕያዋን ይይዛል። ሕመምን ከፊት ማንበብም ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የማክጊል ተመራማሪዎች ለአይጥ ፊት መለኪያ አውጥተዋል። ዓይን መጨፈን፣ የአፍንጫና የጉንጭ ማበጥ፣ የጆሮና የጢም አቀማመጥ ይታያል። አይጥ ሌሊት የምትንቀሳቀስ፣ ሕመሟንም የምትደብቅ እንስሳ ናት። ዓይኑ ያልለመደ ሰው ጸጥ ብላ ስትቀመጥ «ደህና ናት» ይላል።

በጣም ከባዱ ትምህርት መቼ ማቆም እንዳለ ማወቅ ነው። በወባ ጥናት አይጧ እስክትሞት ቀን መቁጠር በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የተለመደ ነው። የሰውነት ሙቀቷ በጣም ሲወርድ፣ ክብደቷ ከመቶ 20 ያህል ሲቀንስ፣ መነሳት ሲያቅታት እንደማትተርፍ ይታወቃል። እዚያ ላይ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግ የጥናቱን መልስ ብዙም አያጎድለውም። የምትሠቃይበትን ጊዜ ግን ያሳጥራል።

አገዳደሉም ዕውቀት ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ኤተር የተባለውን የድሮ ማደንዘዣ የሚጠቀሙ አሉ። ኤተር የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። የሚፈላው 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በሞቃት ቀን ኤተር ያለበት ጠርሙስ ከፍቶ መሥራት ለአይጧም ለሰውየውም አደጋ ነው።

የሰውየው ደኅንነት ሲነሳ ንክሻ፣ የእንስሳ ፀጉርና ሽንት የሚያስነሳው አለርጂና አስም፣ ከፍየልና ከግመል ጋር ለሚሠሩ ደግሞ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ አሉ። ጓንትና ማስክ ብቻ አይበቁም። ምልክቱን አውቆ በጊዜ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ክርክሮቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ለታካሚ ጓንት በሚቸግርበት አገር ለአይጥ ሥልጠና?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጥያቄው የተሠራው ሰውና አይጥ እየተሻሙ ነው በሚል ግምት ነው። ያልሠለጠነ እጅ ያበላሸው ሙከራ የበላው ገንዘብ ራሱ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የሙከራው ውጤት የሚሄደውም ወደ ሰው ነው። መርዛማ የሆነው «አይጎዳም» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ጥሩ የሆነውም ተጥሎ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ከነባር መምህራን ይመጣል። «እኛ ከታላላቆቻችን እያየን ተማርን» ይላሉ። በማየት መማር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሥልጠናውም በአብዛኛው ከዚያ የተለየ አይደለም። ጉድለቱ ስህተትም አብሮ መውረሱ ነው። በጅራት ማንሳት ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው «ኮሚቴው አጽድቆታል» የሚለው ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያየው ፕሮፖዛሉን ነው። ወረቀቱ ላይ «በጋቬጅ ይሰጣል» ተብሎ ሲጻፍ ማን እንደሚሰጥና ስንት ጊዜ እንደተለማመደ አብሮ ካልተጠየቀ ፊርማው ግማሽ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። ሙከራ የሚሠራ፣ ሙከራ የሚነድፍ፣ እንስሳቱን የሚንከባከብና የሚገድል ሰው እያንዳንዱ ለሥራው መሠልጠን አለበት። ብቃቱን እስኪያሳይ ድረስም በሌላ ሰው ክትትል ሥር ይሠራል።

«ጭራሽ ይቅር» የሚሉትንም በንቀት ማለፍ አይገባም። እንስሳትን ያለ አግባብ የሚያሠቃይ በፈጣሪ ፊት ይጠየቃል ብሎ ያላደገ ሰው፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ በዚህ አካባቢ አይገኝም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በእንስሳት ላይ ያለ ምክንያት መጨከንን ያስቀጣል። ከእነሱ ጋር የምለያየው ጊዜው ላይ ነው። የሚተካው ዘዴ ከመምጣቱ በፊት ሙከራው ቢቆም ቅጠሉ ሳይፈተሽ በቀጥታ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ላይ ይደርሳል። ገበያ ላይ እያየነው ያለውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ

ጫናው ከውጭም መምጣቱ አይቀርም። የእንስሳት ሙከራ እንዴት ተዘርዝሮ መጻፍ እንዳለበት የሚናገረው አራይቭ የተባለው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2020 ታድሷል። ብዙ የምርምር መጽሔቶች ይከተሉታል። የእንስሳቱን አኗኗር፣ አያያዝና የሞታቸውን ምክንያት መመለስ ያልቻለ ጽሑፍ ለመታተም ይቸገራል። ያኔ የሚጎዳው ሁለት ዓመት የለፋው ተማሪ ነው።

በእኔ እምነት መፍትሔው በዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይቀላል። ድሬዳዋ፣ ሐረማያና ሐረር በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም፣ የፋርማኮሎጂና የወባ ባለሙያ የሚገኝባቸው ተቋማት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጉዞ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ የየራሱን ከሚያቋቁም አንድ የጋራ መለማመጃ ክፍል ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥቂት የጎማ አይጥ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቴርሞሜትር እና የሠልጣኙ እጅ ምን ያህል እንደደረሰ በአሠልጣኝ ፊርማ የሚመዘገብበት ደብተር ነው። ከተማሪዎቹ በፊት መሠልጠን ያለባቸው ግን ኬጅ የሚያጸዱትና ምግብ የሚሰጡት ሠራተኞች ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ ስማቸውም በምርምር ጽሑፉ ላይ አይወጣም። ተማሪው በሁለት ዓመት ይመረቃል፤ እነሱ ይቆያሉ። ቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል ቀንም ቢሆን፣ አይጧ መታመሟን መጀመሪያ የሚያየው ከእነሱ አንዱ ነው።